21 ዓመት አርሴን (አርሰናልን) ደግፈህ ምን አገኘህ? ወንድሜ ጠየቀኝ፣ መልስ አጣሁ

የሸዋበር_መድፈኛ | ግንቦት 19፣ 2017

ሰላም የደሴ የኮምቦልቻ ልጆች እንዴት ናችሁ። እሁድ ማታ የሊጉ የመጨረሻ ጨዋታ አልቆ ከዲኤስቲቪ ቤት ወጥተን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ወደ ቤት ስንሄድ አንድ ነገር ጠየቀኝና እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። «ጋሼ እውነቱን ንገረኝ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት አርሴን ደግፈህ ምን አገኘህ?» አለኝ። ሊያበሽቀኝ ፈልጎ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር፣ ግን ከልቡ ነው የጠየቀኝ፣ ዝም አልኩ።

እሱን አርሴ ያደረግኩት እኔ ነኝ። የ5 ዓመት ልጅ እያለ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ነው መጀመሪያ ዲኤስቲቪ ቤት የወሰድኩት፣ ቀኑም ነሐሴ 22፣ 2003 ነው፣ የአርሴ ሰው ቀኑን ሲያይ ያውቀዋል፣ ኦልድትራፎርድ ላይ በማንቼ (ማንቸስተር ዩናይትድ) 8 ለ 2 የተሸነፍንበት። ረመዳን ነበር፣ ጨዋታው በ12 ሰዓት ተጀምሮ መግሪብ የደረሰው መሃል ላይ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ቴምር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ሁሌ የሚቀመጡት ሀጂ አንዷን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለሱ ሰጡት፣ እሱ እያኘከ እያለ የኛው ቫን ፐርሲ ፔናሊቲ መታና ዴ ሂያ አወጣበት። ስድስተኛው ጎል ሲገባ ልጁ ትከሻዬ ላይ ተኝቷል። አሁን 19 ዓመቱ ነው።

እኔ የጀመርኩት 1996 ላይ 7ኛ ክፍል ሆኜ ነው። ያን ዓመት 26 አሸንፈን 12 አቻ ወጥተን አንድም ሳንሸነፍ ዋንጫ በላን፣ እኔ ደግሞ ልጅ ነኝና በቃ ኳስ ማለት እንደዚህ ነው፣ በየዓመቱ እንዲህ ነው የሚሆነው ብዬ አሰብኩ። ከዛ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። 1998 ፓሪስ ላይ በቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ በረኛችን ሌማን ገና በ18ኛው ደቂቃ ቀይ አይቶ በ10 ልጅ እየመራን ቆይተን የባርሳዎቹ ኤቶና ቤሌቲ በመጨረሻ አፈረሱን። 2015 ላይ ሊጉን 248 ቀን መርተን ሲቲ ወሰደው። በሚቀጥለው 89 ነጥብ ሰብስበን በ2 ነጥብ አጣነው። ዘንድሮ ሊቨርፑል በ10 ነጥብ። ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ።

ወንድሜ አሁን «እኔ ከሚያሸንፈው ጋር ነኝ» ማለት ጀምሯል፣ የቤቲንግ ቲኬትም ይቆርጣል። እኔ ልቆጣው አይደለም የምጽፈው፣ ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አንድ ክለብ ይዛችሁ የቆያችሁ ሰዎች በእውነት ምን አገኛችሁ? ንገሩኝና ላንብብለት።

---

ሂሳብ_ሂሳብ_ነው

ወንድምህ ልክ ነው ብዬ ልጀምር፣ አትቀየመኝ። 38 ጨዋታ በ20 ብር ብንይዘው 760 ብር፣ የሻዩን፣ የቻምፒየንስ ሊጉን፣ የማሊያውን ጨምርበት፣ በ21 አባዛው። ክለቡ ያለው ለንደን፣ ባለቤቱ አሜሪካዊ ቢሊየነር፣ ተጫዋቹ ኮንትራቱ ሲያልቅ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ አንተ ብቻ ነህ የምትቀረው። ታማኝነት ደስ የሚል ቃል ነው ግን ታማኝ የሚኮነው ለሚያውቅህ ነው። ለሚስት፣ ለጓደኛ፣ ለጎረቤት። ለማያውቅህ ነገር እንዴት ታማኝ ትሆናለህ?

---

ቼልሲው_ከፒያሳ

የሸዋበሩ አብሽር፣ ቢያንስ የፈረንጁን ኳስ ታሪክ እንደ ዳዊት ደግመሃል። አነባለሁ ቀጥሉ

---

ቦርከና_ዳር

ማንቼ ነኝ፣ ኮምቦልቻ። ዘንድሮ 15ኛ ወጥተን የኢሮፓን ፍጻሜም በቶተንሃም 1 ለ 0 ተሸንፈን ስለሆነ የምጽፈው ስለ ዋንጫ የማወራ እንዳይመስላችሁ። ሂሳብ የጠየቀው ጥያቄ ላይ ነው የምመጣው፣ «የማያውቅህ» ያለው ላይ።

2014ን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ እናቴ መንቀሳቀስ ስለማትችል እኔ አብሬያት ቀረሁ። ዲኤስቲቪ ቤት ሁልጊዜ አጠገቤ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ደግሞ ልጆቹን ይዞ ከሰው ጋር በእግሩ ወጥቶ እንደምንም ደብረ ብርሃን ገባ። ከዛ በኋላ መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ባንክ የለ። እሱ እኔ ልኑር ልሙት አያውቅም፣ እኔም እሱን አላውቅም። ኅዳር ማለቂያ ላይ ከተማው ተመለሰ፣ ኔትወርኩ ግን ወዲያው አልመጣም። መጣ በተባለ ቀን ስልኬን ከሰው ጀነሬተር ላይ ሰክቼ ከፈትኩት፣ ቴሌግራም ትንሽ ዞረ ዞረና ከዛ መልእክቱ ተንጋጋ።

የመጀመሪያው ኅዳር 12 የተላከ ነው። «ሶልሻየር ተባረረ። በዋትፎርድ 4 ለ 1 ተሸንፋችሁ። ሰማህ ወይ?» ይላል። ቀጥሎ «ራንግኒክ የሚባል ጀርመን መጣላችሁ»። ቀጥሎ «አርሴን 3 ለ 2 አሸነፋችሁ፣ ሮናልዶ 2 አገባ፣ ብታየው ደስ ይልህ ነበር»። መሃል መሃል ላይ ደግሞ ብቻውን «አለህ አይደል?» የሚል። እንደገና ውጤት፣ እንደገና «አለህ አይደል?»።

ልጁ ቼልሲ ነው። የማንቼ ውጤት ምንም አያደርግለትም። ግን እኔን ማናገር ሲፈልግ በየት በር እንደሚገባ ያውቃል፣ 15 ዓመት ሙሉ የገባው በዛ በር ነው። እናቴ አጠገቤ ተኝታ እየሰማችኝ ነው ያለቀስኩት፣ ማን ሞተ ብላ ደነገጠች። ማንም አልሞተም እማ፣ አሰልጣኙ ነው የተባረረው አልኳት።

ክለቡ አያውቀኝም፣ እሺ። ግን ክለብ በመያዜ የሚያውቁኝ ሰዎች አሉ። በየዓመቱ የምቀያይር ብሆን ጓደኛዬ ደብረ ብርሃን ሆኖ የየትኛውን ቡድን ውጤት ነበር የሚልክልኝ?

---

ቼልሲው_ከፒያሳ

የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኳት

---

የጢጣዋ_ቀይ

እኔ ሊቨርፑል ነኝ፣ በአባቴ። አባቴ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ነበር የሚሠራው፣ በሺፍት። ግንቦት 17፣ 1997 የኢስታንቡሉ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ቀን እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ ቤት ነው ያለሁት፣ ያየሁት ነገር የለም፣ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ። ረፍት ላይ ሚላን 3 ለ 0 ሲመራ ዲኤስቲቪ ቤቱ ግማሹ ወጥቶ ሄደ፣ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ራሳቸው ሄዱ። አባቴን «አንተስ አትነሳም?» ሲሉት «ሻዬን ገና አልጨረስኩም» አላቸው። ሌላ ምንም አላለም። ከዛ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ በ6 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጎል፣ ከዛ ፔናሊቲ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ በር እየደበደበ መጥቶ ሁላችንንም ቀሰቀሰን። እናቴ ሰው ሰክሮ መጣ መስሏት ነበር፣ አባቴ ደግሞ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ጋቢውን ወለል ላይ ጥሎ እኔን አንስቶ ሲያሽከረክረኝ አስታውሳለሁ፣ ጨርቅ ጨርቅ የሚል የፋብሪካ ሽታው አሁን ድረስ አፍንጫዬ ላይ አለ።

ሊጉን ግን ሳያይ ነው የሞተው። ለመጨረሻ ጊዜ 1990 በፈረንጅ የተበላ ዋንጫ ነው፣ 30 ዓመት ነው የተጠበቀው። 2006 ላይ ጄራርድ ቼልሲ ላይ የተንሸራተተ ቀን እራቱን ሳይበላ አደረ። 2010 ላይ አረፈ። ዋንጫው የመጣው ሰኔ 18፣ 2012 ነው፣ እሱም እኛ ሳንጫወት፣ ቼልሲ ሲቲን 2 ለ 1 ስላሸነፈ። ኮሮና ነው፣ ዲኤስቲቪ ቤት ዝግ ነው፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አካባቢ ለብቻዬ በስልኬ ውጤቱን አይቼ አባቴ ይተኛበት የነበረው መደብ ላይ ሄጄ ቁጭ አልኩ።

ጠዋት በር ተንኳኳ። ከአባቴ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ የነበሩ ሦስት ሽማግሌዎች ማስካቸውን አድርገው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። በኮሮናው ምክንያት አንገባም አሉ። አንዱ ሊቨርፑል ናቸው ሁለቱ አይደሉም። «እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ፣ ለአባትሽ ነው የመጣነው» አሉኝ። በፌስታል ቆሎ ይዘው ነበር፣ አጥሩ ላይ አንጠልጥለውልኝ ሄዱ።

የሸዋበሩ፣ ለወንድምህ ይሄን አንብብለት። አባቴ ሞቶ ሁለት ዓመት ከሆነው በኋላ ሰው በሩን አንኳኩቶ እንኳን ደስ ያለህ አለው። ስንት ሰው ይሄን ያገኛል?

---

ሥነልቦና_3ኛ_ዓመት

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ተማሪ ነኝ፣ ይሄ ጉዳይ የሚጠና ነገር እንደሆነ ላካፍላችሁ። ዳንኤል ዋን የሚባል አሜሪካዊ ፕሮፌሰር አለ፣ ኬንታኪ ውስጥ ሙሬይ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ዕድሜውን ሙሉ ደጋፊ ነው ያጠናው። ያገኘው ነገር በአጭሩ፣ በአካባቢው ካለ ቡድን ጋር ራሱን ያስተሳሰረ ሰው ብቸኝነቱ ይቀንሳል፣ ከሰው ጋር ያለው ግንኙነት ይሻላል። እሱ እንደሚለው ግን ጥቅሙ የሚመጣው ቡድኑ በማሸነፉ ሳይሆን ደጋፊነቱ ከሰው ጋር ስለሚያገናኝህ ነው። ሩቅ ያለ ቡድን ለብቻህ ብትደግፍ ይሄ ጥቅም እንደዛ አይታይም፣ ተሰብስባችሁ ስታዩ ግን ግንኙነቱ ይፈጠራል ይላል። እኔ ይሄን ሳነብ ትዝ ያለኝ የኛ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ክለቡ ለንደን ነው፣ አግዳሚው ግን ደሴ ነው።

ሌላ ደግሞ ቻልዲኒ የሚባል ተመራማሪ በ1976 እንደ ፈረንጅ ባሳተመው ጥናት በ7 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ያየው ነገር አለ። የዩኒቨርሲቲው ቡድን ባሸነፈ ማግስት ሰኞ ተማሪው የትምህርት ቤቱን ልብስ ለብሶ መምጣት ያበዛል፣ ሲሸነፍ ይቀንሳል። ሲያሸንፍ «አሸነፍን» ሲሸነፍ «ተሸነፉ» ይላል። እስኪ ዲኤስቲቪ ቤት ሄዳችሁ አዳምጡ፣ የቆየ ደጋፊ ስትሸነፍም «ተሸነፍን» ነው የሚለው። እኔ በዚህ ነው የምለያቸው።

ጉዳት የለውም ለማለት ግን አይደለም። 2006 እንደ ፈረንጅ ጀርመን ባዘጋጀችው የዓለም ዋንጫ ባቫሪያ ውስጥ የተጠና አለ፣ ጀርመን በተጫወተችባቸው ቀናት የልብ ሕመም ድንገተኛ ታካሚ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ነበር። ልብ ሕመም ያለባችሁ ተጠንቀቁ፣ ከምሬ ነው።

---

ሆጤ_ሜዳ

ሁላችሁም ያላችሁት ጥሩ ነው ግን አንድ ነገር አመመኝ። አርሴ ማንቼ ሊቨርፑል ስትሉ ሆጤ ሜዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚለፋ ቡድን እንዳለ አንዳችሁም አላነሳችሁም። ተማሪው «በአካባቢው ያለ ቡድን» ሲል የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? እኔ የደሴ ከነማ ደጋፊ ነኝ፣ ዝናብ ሲመታኝ ዝናቡ እውነተኛ ዝናብ ነው። ተጫዋቹ ኳስ ሲስት ስሙን ጠርቼ ስጮህ ይሰማኛል፣ ዞር ብሎ ያየኛል። ማክሰኞ ገበያ ላይ አገኘውና «ያችን ኳስ እኮ ቀድመህ ብትለቃት» እለዋለሁ፣ «ቅዳሜ ታያለህ» ይለኛል። ከአርሴው ኦዴጋርድ ጋር እንዲህ ያወራ አለ?

ከወሎ ኮምቦልቻ ጋር ስንጫወት ደግሞ ሐረጎን ቁልቁል እየጨፈርን ነው የምንወርደው። ሚኒባሱ ውስጥ ጉም ይዞን ተነስተን ኮምቦልቻ ስንደርስ ጃኬት እናወልቃለን። ሜዳው ላይ ድምፃችን እስኪዘጋ እንሰዳደብና ማታ እነሱው ራታችንን ይጋብዙናል፣ ምክንያቱም ግማሹ ዘመድ ነው፣ የአክስቴ ልጅ እዛኛው በኩል ነው የሚቆመው። ለኛ ዓይነት ቡድን ቴሌቪዥን የለም ሪፕሌይ የለም፣ ያላየኸው አመለጠህ፣ ስለዚህ ያየ ሰው ላላየ ሰው መናገር አለበት። እኔ 12 ዓመት የሆነውን ጎል በቃሌ ነው የማወራው፣ ከየት በኩል እንደመጣ፣ ማን እንደነካው፣ ጭቃው የት ጋ እንደነበር።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ዊምብልደን የሚባል የለንደን ቡድን ነበር፣ በ1988 በፈረንጅ ሊቨርፑልን አሸንፎ ኤፍኤ ካፕ የበላ። በ2002 በፈረንጅ ባለቤቶቹ ክለቡን ወደ ሌላ ከተማ እንዲወስዱት ተፈቀደላቸው። ደጋፊው ምን አደረገ? ሜዳ ላይ ወጣት ሰብስቦ ሞክሮ ከዜሮ የራሱን ክለብ መሠረተ፣ ኤኤፍሲ ዊምብልደን ብሎ። 9ኛ እርከን ላይ ጀመሩ። በ9 ዓመት ውስጥ ፕሮፌሽናል ሊግ ገቡ፣ 2020 ላይ ወደ ድሮ ሰፈራቸው ፕላው ሌን ተመለሱ። ባለቤት ስሙን ይዞ ሄደ፣ ክለቡ ግን ሰዎቹ ጋ ነው የቀረው። ስለዚህ ሂሳብ፣ ባለቤቱ አሜሪካዊ ነው ያልከው ነገር ብዙም አያስጨንቀኝም። ግን እናንተ አርሴዎች እሁድ ከሰዓት አንድ ቀን ሆጤ ብቅ በሉ፣ በአላህ። ያ ሜዳ ሰው ሲያጣ ያሳዝናል።

---

የሸዋበር_መድፈኛ

ሆጤ ሜዳ ልክ ነህ፣ ተቀበልኩ። ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖኛል ሆጤ ከገባሁ።

---

ቲኬት_ቀዳጅ

እኔ የወንድምህ ዓይነት ነኝ፣ ስለዚህ ለሱ ልጻፍለት። ታናሼ፣ እኔ ድሮ ቼልሲ ነበርኩ፣ 2004 ላይ ሙኒክ በቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ድሮግባ የመጨረሻዋን ፔናሊቲ ሲመታ ልቤ የቆመ ሰው ነኝ። ከዛ ቤቲንግ ጀመርኩ። መጀመሪያ ለመዝናናት ነው፣ በኋላ ሳምንት ሙሉ ኦድ (የውርርዱን ማባዣ) ብቻ ነው የማየው። በአንድ ቲኬት 12 ጨዋታ እይዛለሁ፣ ሰምቼ የማላውቀው ሊግ ሁሉ አለበት። አንድ ቅዳሜ ቼልሲ መሪ ሆኖ ሁለተኛ ጎል አገባ፣ ቤቱ ሁሉ ተነስቶ ጨፈረ፣ እኔ ግን «ከ2 በታች ጎል» ይዤ ስለነበር ጭንቅላቴን ይዤ ቁጭ አልኩ። የራሴ ቡድን ጎል አግብቶ እኔ አዘንኩ። አጠገቤ የነበረው ልጅ አቅፎኝ ሊጨፍር ብሎ ፊቴን ሲያይ እጁን መለሰ። እጁን መመለሱ ነው ያመመኝ፣ ብሩ አይደለም። ብሩም ቀላል አልነበረም።

ከሚያሸንፈው ጋር ሆኜ ምን አተረፍኩ ብትለኝ፣ ያሸነፈ ቀን አብሮኝ የሚደሰት ሰው አልነበረም፣ የተሸነፈ ቀን ደግሞ አብሮኝ የሚያዝን አልነበረም። አሁን ትቼዋለሁ፣ 8 ወር ሆነኝ።

---

ሂሳብ_ሂሳብ_ነው

ሁሉንም አንብቤያለሁ፣ የቦርከናውንና የእህታችንን ሁለት ጊዜ። አሁንም አንድ ነገር ልበል ግን። እናንተ ያገኛችሁት ከክለቡ አይደለም፣ ከሰው ነው። ያ ሰው ጋ ያለ ክለብ መድረስ አይቻልም ነበር? ዕድር አለ፣ ቡና አለ፣ ሰፈር አለ።

---

ቦርከና_ዳር

ይቻላል ወንድሜ፣ ማን አይቻልም አለ። ግን ዕድር የሚሰበስብህ ከጎረቤትህ ጋር ነው፣ ቡናም የሚያጠጣህ ከምታውቀው ጋር ነው። እኔና ጓደኛዬ ሰፈራችን ሌላ፣ ሃይማኖታችን ሌላ፣ ሥራችን ሌላ፣ ቡድናችን እንኳን ሌላ። የምንገናኝበት ሌላ ምንም ቦታ አልነበረንም። ሁለታችንም ግን በየሳምንቱ እዛች አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን፣ እሱም ስለማይቀያይር እኔም ስለማልቀያይር። ስሸነፍ ያበሽቀኛል፣ ሲሸነፍ አበሽቀዋለሁ። ሲያሸንፍ ብቻ የሚመጣ ሰው ጋር እንዴት ወዳጅ ትሆናለህ? የት ታገኘዋለህ? የሲቲ ደጋፊዎች እንኳን ክለባቸው በ1999 በፈረንጅ ሦስተኛ እርከን ወርዶ ሲጫወት በአማካይ ከ28 ሺህ በላይ ሰው ነበር ስታዲየም የሚገባው። አሁን ዋንጫ ሲበሉ እኔ የምቀናው በነዛ ሰዎች ነው፣ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ ብዬ ነው የማስበው።

---

ሂሳብ_ሂሳብ_ነው

«የት ታገኘዋለህ» ያልካት ገብታኛለች።

---

የሸዋበር_መድፈኛ | ግንቦት 21

ትናንት ማታ ለወንድሜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በስልክ ብርሃን ነው፣ እናታችን ጥግ ላይ ሆና ታዳምጣለች። የጢጣዋ ቀይ ያንቺ ጋ ስደርስ እናቴ «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» አለች። ቲኬት ቀዳጅ ያንተ ጋ ስደርስ ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ ምንም አላለም፣ እኔም ምንም አላልኩም።

አንብቤ ስጨርስ ያልጠበቅኩትን ነገር ጠየቀኝ። «እሁድ ሀጂ ለምን አልነበሩም?» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ አላየሁም ነበር። 14 ዓመት ፊት ለፊቴ የሚቀመጡ ሰው ወንበራቸው ባዶ ሆኖ እኔ ሳውዝሃምፕተን ላይ ኦዴጋርድ ያገባትን ጎል ነው የማስበው። ሀጂ አርሴ ናቸው፣ በየዓመቱ ሊጉ ሲያልቅ «ኢንሻአላህ በሚቀጥለው» ብለው ኮፍያቸውን አስተካክለው ይነሳሉ፣ ዘንድሮ ያንን ቃል ሳልሰማ ነው የገባሁት፣ ለካ የጎደለብኝ እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት የዲኤስቲቪ ቤቱን ባለቤት ደውዬ ጠየቅኩት፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ደረጃ ላይ ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ ቤት ተኝተዋል። ከፒኤስጂ ጋር የተሸነፍንበትን ጨዋታ በራዲዮ ነው የሰሙት አለኝ።

ቅዳሜ ልንጠይቃቸው ነው። ወንድሜ ቴምር ገዝቷል፣ ከየት ብር እንዳገኘ አልጠየቅኩትም። ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው ቤታቸው፣ 8 ሰዓት ፒያሳ ተገናኝተን አብረን እንሄዳለን፣ ማንቼም ሊቨርፑልም ይምጣ፣ ሀጂ ደስ ይላቸዋል።

---

ቦርከና_ዳር

ከኮምቦልቻ 7 ሰዓት ላይ በሚኒባስ እነሳለሁ። ጓደኛዬንም ይዤው እመጣለሁ።

---

የጢጣዋ_ቀይ

ቆሎ አለኝ።

---

ሆጤ_ሜዳ

እኔም አለሁ፣ የከነማን ማሊያ ለብሼ ነው የምመጣው እንዳትሳሳቱኝ።

---

ሂሳብ_ሂሳብ_ነው

እኔም እመጣለሁ። ጁስ ላምጣ ብዬ ነበር፣ ሀጂ ስኳር አለባቸው እንዴ?

---

የሸዋበር_መድፈኛ

የለባቸውም፣ የማንጎውን አምጣ።